በጣም ግሏል፤ አይመልስም

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

ሰማዩ ጠራ። ዝናቡ አበቃ መሰለኝ። ሱቁን በሁለት ሰዓት ከፈትኩ። የሁለቱን ፕሌይስቴሽኖችና የዴስክቶፑን አቧራ ጠረግኩ። የዴስክቶፑን ማራገቢያ ፈትቼ በብሩሽ አጸዳሁት፤ አንድ ጠብታ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ጨመርኩበት። ይህን ማሽን ከየቦታው በለቃቀምኩት ዕቃ ራሴ ነኝ የገጠምኩት። ስምንት ዓመቱ። አንድ ቀን ታሞ አያውቅም።

እስከ ዙህር የገባ ተጫዋች... ሦስት። ድሮ ወረፋ ነበር። አሁን ወጣቱ ሁሉ በረንዳዬ ላይ ይቀመጥና፣ በእኔ ጥላ ተጠልሎ፣ በየስልኩ ይጫወታል። ግቡና በትልቁ ተጫወቱ አልላቸውም። ለምኜ አላውቅም።

ማናዬ መጣ። ከማስተማር ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ውሎው እዚህ ነው።

"አብዱ፣ በረንዳህ ከቤትህ በለጠ እኮ!"

"ስልክ መጫወቻ ነው እንጂ ማሽን አይደለም።"

"አማችህ እንዲያ አይልም አሉ።"

መፍቻዬን አነሳሁ። ስለ አማቼ ከሰው ጋር አልነጋገርም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

የማናዬ ነገር ሲከነክነኝ አደረ። እዚህ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ሙሐመድሸሪፍ ልጄን ሐናንን ካገባ ሦስት ዓመቱ ነው። ቢቸና ላይ ስልክ ይጠግናል። በዲፕሎማ የተማረ ነው። ለአረፋ ሁለቱም ሞጣ መጥተው ነበር። ምሳ ላይ ስልኩን አውጥቶ ፊቴ አስቀመጠው። "አባባ፣ ይቺ ያንን ሣጥንዎን በቅርቡ ታስንቀዋለች" አለኝ። ማራገቢያ የሌለው ነገር ለአሥር ደቂቃ ይሮጣል፣ ከዚያ ይግላል፣ ሲግል ይንቀራፈፋል አልኩት። ይህን ለማወቅ ዲፕሎማ አያስፈልግም። ተከራከረኝ። "ያልተማርከውን አታውራ" አልኩት። እሱም "እርስዎስ የት ተማሩ?" አለ።

ሰው በተሰበሰበበት።

የት ተማርኩ? ሬዲዮ ፈትቼ ተማርኩ። ቴሌቪዥን አቃጥዬ ተማርኩ። ሚስቴ ስትሞት የጤና መጽሐፍ ገዝቼ፣ መዝገበ ቃላት ጎኔ አድርጌ፣ ልጄን ከትኩሳት ከጉንፋን እያከምኩ ብቻዬን አሳደግኩ። እስከ ዛሬም ራሷን ሲያማት ከሐኪም በፊት እኔን ነው የምትጠይቀው።

ከአረፋ ወዲህ ከሸሪፍ ጋር አልተነጋገርንም። አራት ወር።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ከሐናን መልእክት። ኢንተርኔት ስለሌለ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ነው የምንገናኘው። በሥራ ሰዓት አትደውልልኝም፤ ሕጌ ነው። ሬዲዮና ቴሌቪዥን ስጠግን ብየዳ ላይ እያለሁ ስልክ ከጮኸ እጄ ይስታል። ይጻፍ፣ ያጠረ ይሁን። ልጅ ሳለች የምትጽፈውን ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ እያረምኩ ነው ያስተማርኳት። የታወቀ ስም ከደገመች እሰርዘዋለሁ። አሁን ሦስት ቃል የሚበቃው ነገር ላይ አራት አትጽፍም።

"ከቆላ ተመለሰ። አንድ ሐሳብ አለኝ። ተለካኩ።"

ቆላ ወርዶ የገበያተኛውን ስልክ ሲጠግን ሰንብቷል። ሐሳቧን ማታ ደውላ ነገረችኝ። እሱ በስልኩ፣ እኔ በዴስክቶፔና በፕሌይስቴሽኑ፣ አንድ ዓይነት የኳስ ጨዋታ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ። በየአሥር ደቂቃው ማሽኑ በሰከንድ ስንት ምስል እንደሚያወጣ ይመዘገባል። የሁሉም መነሻ ስልሳ ነው። ስልኩ እስከ መጨረሻው ከሃምሳ ካልወረደ እኔ ቢቸና ሄጄ "ተሸንፌያለሁ" እላለሁ። ከወረደ እሱ ሞጣ መጥቶ ጉልበቴን ይስማል። ቁጥሩን የምትልከው እሷ ናት።

"እሺ" አልኩ። ይምጣና ይሳም!

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

የመጀመሪያው ልኬት። ዴስክቶፔ ስልሳ ጀመረ፣ ስልሳ ጨረሰ። ማራገቢያው እንደ ንብ ቀፎ ይጮሃል፤ ይጩህ፣ ሥራው ነው። ፕሌይስቴሽኑም ንቅንቅ የለም።

የሐናን መልእክቶች፦

"10 ደቂቃ 60። 20 ደቂቃ 57።"

"40 ደቂቃ 44። ሞቋል።"

"50 ደቂቃ 31። ግሏል። አቆምን።"

ለማናዬ አነበብኩለት። ሳቀ። "ምስኪን፣ ያለ ማራገቢያ በኪስ የሚኖር ነገር ከሣጥን ጋር አወዳድረህ!" አለኝ። ራሱ ያመጣው ውድድር ነው አልኩት። ግን እውነቱን ልጻፍ... ግማሽ ሰዓት ይቆያል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር። በመዳፍ የሚያዝ ነገር።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ሐናን ጠየቀች፦ "ከቨሩን ብናወጣው?"

ከቨር ማለት ምንድን ነው? ልብስ በይው አልኳት። ልብሱን ካወለቃችሁለት አየር ያገኘዋል፣ ይፈቀዳል ብዬ ጻፍኩ። ለተቃራኒ ወገን ምክር ሰጠሁ እንግዲህ። ልክ መሆን ያለበት ልክ ይሁን።

እሑድ፣ ጥቅምት 17

ሁለተኛው ልኬት። ስልኩን ልብሱን አውልቀው መስኮት አጠገብ አደረጉት።

"30 ደቂቃ 59። 40 ደቂቃ 55።"

"50 ደቂቃ 52።"

"60 ደቂቃ 48።"

አርባ ስምንት! በሁለት ምስል ነው ያሸነፍኩት። ሁለት። ቁጭ ብዬ ወረቀቱን አየሁት። ሐናን ደግሞ "አንድ ጊዜ ብቻ እንድገመው። እባክዎ" አለች። ሦስተኛው የመጨረሻ ነው አልኳት። ረቡዕ ይሁን።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

ዛሬ ሥራ አልያዘኝም። ስለዚያ አርባ ስምንት አሰብኩ። ልጁ ሰነፍ አይደለም። ከመስኮቱ ሌላ ምን አደረገ? በጀርባው የሚሠራውን ሁሉ ዘግቶ ይሆናል። ቻርጅ ሳይሰካም ይሆናል፤ ተሰክቶ ሲጫወቱ ይብሳል። ልጠይቀው ፈለግኩ። ስልኩን አንስቼ... መልሼ አስቀመጥኩት።

ሌላም ነገር ገባኝ። ባሸንፍም ብሸነፍም አንዳችን ሌላችን ዘንድ መሄዳችን ነው። ይህች ልጅ ስለ ምስል ቁጥር ምን ጨነቃት? ልታስታርቀን ነው።

ብሸነፍስ? ቢቸና ሩቅ አይደለም። የመናኸሪያውን ተራ አስከባሪ የኔሰውን ሚኒባስ መቼ መቼ እንደሚወጣ ጠየቅኩት። እንዲሁ ለማወቅ ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20

"ዛሬ አልተለካም። ደክሞታል። ነገ።"

ሰበብ። ሁለት ምስል ፈርቶ ነው። ድካም ብሎ ነገር እኔ ስልሳ ስምንት ዓመት አላውቅም። "ነገ ካልሆነ ተሸናፊ ነው በይው" ብዬ መለስኩ። መልስ የለም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

አሸነፍኩ!

ከዙህር እንደተመለስኩ፣ በስምንት ሰዓት ከአሥር፣ የአንድ ደንበኛ ቴሌቪዥን ከፍቼ ሳለ መልእክት ገባ፦

"በጣም ግሏል። አይመልስም። ምን ላድርግ?"

ለማናዬ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። "ዲፕሎማው የት ሄደ?" ብዬ ሳቅኩ። ማናዬ "ተው አትሳቅባቸው፣ ልጅህ ናት የጠየቀችህ፣ መልስላት" አለኝ። እጄን ጠርጌ መለስኩ፦

"ልብሱን አውልቂለት። መስኮት አጠገብ ይሁን። አትነካኪው። ሁለት ሰዓት ይረፍ፤ ይነሳል። ነግሬያችሁ ነበር።"

"እሺ አባባ" አለች። ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ወደ ሥራዬ።

ቴሌቪዥኑ ለአስር ሶላት ሳልነሳ ዳነ። ቀኑ የእኔ ነው። ሸሪፍ ሲመጣ የማርፍበትን ትልቁን ወንበር ለእሱ እሰጠዋለሁ። አልኮራበትም። ጉልበቴንም ጎንበስ ሲል ይበቃል፣ እይዘዋለሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 22

ሸሪፍ ሞተ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

ትናንት ጎሕ ሲቀድ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ። የሸሪፍ ጎረቤት ነው። ወባ፣ ጭንቅላቱ ላይ ወጥታበት አለኝ። ከቆላ ይዟት የመጣ። ቀብሩ ትናንት ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሆኗል። መንገድ ዝግ ነው። መናኸሪያ ሁለት ቀን ቁጭ ብዬ ዋልኩ። የኔሰው "አባባ፣ ሲከፈት እጠራዎታለሁ፣ ቤትዎ ይረፉ" ይለኛል። አልነሳሁም።

ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር።

እሑድ፣ ጥቅምት 24። ቢቸና

ዛሬ ደረስኩ። 

ሐናን ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። እናቱ ኸይራት ከጎኗ። ሰው ይገባል፣ ይወጣል፣ አላህ ይዘንለት ይላል። ሐናን እጄን ሳመችና ቀስ ብላ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ፣ እንዲህ አለችኝ፦

"እንዳሉኝ አድርጌ ነበር አባባ። ልብሱን አወለቅኩለት። መስኮቱ ሥር አስተኛሁት። አልነካካሁትም። ሁለት ሰዓት ጠበቅኩ። አልተነሳም።"



ሐኪም ቤት ሲያደርሱት አሥራ አንድ ሰዓት ሆኖ ነበር። ሐኪሙ "ትንሽ ቀደም ብላችሁ ቢሆን" ብሏል። ትንሽ። ስንት ነው ትንሽ? ሁለት ሰዓት?

ኸይራት ባጃጅ ጠርታ ነበር አሉ። በስምንት ሰዓት ተኩል። በር ላይ ቆሞ ነበር። ሐናን ናት የመለሰችው። "አባቴ ይረፍ ብለዋል። አባቴ ያውቃሉ" ብላ።

እኔ ስልኩ መስሎኝ ነው።

ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 25

ተመልሼ ሞጣ ገባሁ። እየሸሸሁ መሆኔን አውቃለሁ።

መልእክቷን ደግሜ አየሁት። በጣም ግሏል። አይመልስም። ምን ላድርግ? እኔ እንዳስተማርኳት ነው የጻፈችው። አንድ ትርፍ ቃል የለበትም። ላጥፋው አልኩ። ጣቴ ላዩ ላይ ደረሰ... ማጥፋት ይህን ያህል ቀላል ነው። አላጠፋሁትም።

"ማን?" ብዬ ብጠይቅ ምን ነበረበት? አንድ ቃል ነው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 29

ማናዬ ሱቄ መጥቶ በሩን ገርበብ አደረገ። ስቆ የሚገባ ሰውዬ ዛሬ አልሳቀም።

"አብዱ፣ ያን ቀን የመለስክላት መልስ... እኔም ሰምቼዋለሁ። ነግረሃታል?"

"አልነገርኩም።"

"ቢቸና እህቴ አለች፣ ታውቃለህ። አማቷ ለለቀስተኛው ሁሉ ልጄን ቁጭ ብላ አየችው እያለች ነው አሉ። ልጅህ ደግሞ አንድ ቃል አትመልስም። አባቷን ላለማስወቀስ።"

"ማን አለ?"

"ሰው ሁሉ። አንተ ስልሳ ስምንት ዓመት ተሳስቻለሁ ብለህ አታውቅም። እኔ እመሰክራለሁ። ከአሁን ወዲያ ያን ቃል ለማን ልታስቀምጠው ነው?"

ወጥቶ ሄደ። ውጣ ልለው ነበር፤ ቀደመኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7። ቢቸና

ሳምንት ሙሉ ራሴን ስከራከር ከረምኩ። ብናገር ሐናን ምን ትሆናለች? ዝም ብል ምን ትሆናለች? ሁለተኛው እየሆነች ነው።

ጠዋት ገባሁ። ኸይራትና ሁለት ጎረቤቶች ነበሩ። ጎረቤቶቹ ሊነሱልን ሲሉ ተቀመጡ አልኳቸው። ወንበር ሰጡኝ፣ አልተቀመጥኩም።

"ወይዘሮ ኸይራት፣ ባጃጁን ያስመለሰው እኔ ነኝ።"

"ልጄን ለማዳን ብለው ነው ጋሽ አብዱ። ሰማን እኮ። የሚያውቁትን መክረዋል፣ ምን ያድርጉ..."

"አልመከርኩም። ሸሪፍ መታመሙን አላወቅኩም። ግሏል ስትለኝ ስልኩ መስሎኝ ነው።"

"የምን ስልክ?"

"የሸሪፍ ስልክ። ጨዋታ እያስኬድን ስንለካ ሰንብተን ነበር። የእሱ ይበልጣል፣ የእኔ ይበልጣል እያልን። ያን ቀን መልእክቷን አንብቤ ስቄያለሁ።"

ኸይራት ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች። 

"ልጄ ሲያጣጥር እርስዎ ይስቁ ነበር።"

"አዎ።"

 ኸይራት አልጮኸችም። ወደ ሐናን ዞረችና እጇን ያዘች። ሸሪፍ ከሞተ ጀምሮ የመጀመሪያዋ መሆኑን ጎረቤቷ በኋላ በር ላይ ነገረችኝ።

ሐናን እጇን ሳትስብ እንዲህ አለች፦ 

"ጥፋቱ የእኔ ነው አባባ። ስሙን አልጻፍኩም። ሸሪፍ ብዬ ብጽፍ..."

"ስሙን የሰረዝኩት እኔ ነኝ።"

ገባት። ፊቷ ላይ ሲገባት አየሁት። የቀይ እስክሪብቶውን ነገር ለሌላ ለማንም አላስረዳሁም። እሷ ተነስታ ጓዳ ገባች። አልተመለሰችም። እኔም ሄድኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 19

ሐናን አልጻፈችም። እኔ ጻፍኩላት። ረጅም። መልስ የለም።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 8

በረንዳው ላይ ከሚጫወቱት አንዱ ልክ የሸሪፍን ዓይነት ስልክ ይዟል። ለአንድ ሰዓት አውሰኝ አልኩት። የምቀማው መስሎት ደነገጠ። እኔ እነሱን አነጋግሬ አላውቅም።

ቻርጅ ሳልሰካ፣ በጀርባ ያለውን ሁሉ ዘግቼ፣ የመብራቱን ኃይል ቀንሼ፣ ልብሱን አውልቄ፣ ሸሪፍ ያደርግ ነበር የምለውን ሁሉ አድርጌ ከመስኮቱ ሥር አጫወትኩት። አውራ ጣት ስክሪኑን ይሸፍናል፤ ጆይስቲክን አያህልም። ድምፁ የቆርቆሮ ነው። ያ አልተለወጠም። ግን ቁጥሩ... አርባ ደቂቃ ላይ ሃምሳ ስድስት። ስልሳ ደቂቃ ላይ ሃምሳ ሦስት።

አንድ ሰዓት ሙሉ ከሃምሳ አልወረደም። ተሸንፌያለሁ። አማቼ ትክክል ነበር።

ለማን ልንገረው? በረንዳ ላይ ላለው ባለ ስልክ ነገርኩት። "እና ማን አይችልም አለ?" አለኝ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 4

የሐናን ዒዳ አበቃ። አራት ወር ከአሥር ቀን። ወደ ቤቷ ላመጣት ቢቸና ሄድኩ። ክፍሏን ቀለም አስቀብቼ ነበር።

ከቤት አጣኋት። ኸይራት "ሱቅ ናት" አለችኝ። የሸሪፍን ሱቅ ከፍታዋለች። ሁለት ሴቶች ፊት ለፊቷ ቆመው ይሳሳቃሉ፣ እሷ የተከፈተ ስልክ ላይ አጎንብሳ ታወራለች። ስለ ስልኩ አይደለም። ስለ አንድ ሰርግ ነው። ማን እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ፣ ምን እንደለበሱ። የማያልቅ ወሬ። በር ላይ ቆሜ ሰማኋት። እንዲህ ስታወራ በሕይወቴ ሰምቻት አላውቅም።

ስታየኝ አቋረጠች። ሴቶቹ ሄዱ። ተነስታ እጄን ሳመች፣ ወንበር ሰጠችኝ። ረመዳን ስለሆነ የምታቀርብልኝ ነገር የለም። ቁጭ አልን።

"ልወስድሽ ነው የመጣሁ። ክፍልሽ ተዘጋጅቷል።"

"አልመጣም አባባ።"

"ተቀይመሽኛል።"

"አዝኛለሁ። ቂም ግን አይደለም። ነግረውልኛል፤ ማንም አያስገድድዎትም ነበር። እትዬ ኸይራት ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄ ነው የሚሉኝ።"

"እና?"

እጆቿን አየች። ሸሪፍ የተወው መፍቻ በእጇ ነው።

"ከእርስዎ ጋር ስሆን እየቆጠርኩ ነው የምናገረው። ይሄኛው ቃል ያስፈልጋል፣ ይሄኛው አያስፈልግም እያልኩ። ሸሪፍ መጀመሪያ ሲያገባኝ ለምን ዝም ትያለሽ ይለኝ ነበር። ዝም አላልኩም እኮ፣ እየሰረዝኩ ነበር። እሱ ነው ያስተወኝ። አሁን ሞጣ ከመጣሁ... ይመለስብኛል።"

ልመልስ ፈለግኩ። ብዙ ነገር ነበረኝ። አፌ ላይ የመጣው "እሺ" ብቻ ሆነ።

እስከ መናኸሪያ ሸኘችኝ። ሚኒባሱ እስኪንቀሳቀስ ቆመች። እጇን አወዛወዘች።

ከጎኔ አንድ ገበሬ ተቀምጧል። የማላውቀው ሰው። ሰላምታ ሰጠኝ፣ የት ነበሩ አለኝ። ልጄ ዘንድ አልኩት። ሌላ አልጠየቀኝም። እኔ ግን ጀመርኩ። ሙሐመድሸሪፍ የሚባል አማች ነበረኝ አልኩት። እናቱ ኸይራት ትባላለች፣ ሱቁ ገበያው ጥግ ነው፣ እንዲህ ያለ ስልክ ነበረው፣ አረፋ ዕለት እንዲህ ተባባልን። ማን ምን እንዳለ፣ ማን የት እንደቆመ፣ አንድም ሳላስቀር። ሰውየው ጎንበስ ብሎ ሰማኝ።

ደብረ ወርቅ ላይ ወረደ። እኔ ገና አልጨረስኩም ነበር።